ውሃው ጠራ ብላችሁ ዓሳ አትጨምሩ

ትናንት ማታ አዲስ አበባ ያለው ባለሱቅ ደወለልኝ። እህቴ ያልሽኝ ሁለት ፕላቲዎች ገብተዋል፣ ነገ ጠዋት በሚወጣው መኪና ልላክልሽ ወይ አለኝ። አይ አሁን አልወስድም አልኩት። ሁለት ዓሳ እኮ ነው፣ እንደ ጣት ሚያክሉ ሁለት ዓሶች። መስከረም ላይ ቢሆን ስልኩን ሳልዘጋ ነበር ብሩን ምልክለት፣ በማግስቱ ደሞ መናኸሪያ ቀድሜ ደርሼ ቁጭ ብዬ ነበር ምጠብቃቸው። አሁን ለምን እምቢ እንዳልኩ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ፈለኩ ምክንያቱም እዚህ ሀዋሳ አኳሪየም (ቤት ውስጥ ዓሳ ሚኖርበት የመስታወት ሳጥን) የጀመሩ ጓደኞቼ ሁሉ እየደወሉ ሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ ዓሳ መቼ ነው ምጨምረው ነው ሚሉኝ፣ እኔም በስልክ በሁለት አረፍተ ነገር ልመልሰው እየሞከርኩ ሁሌ ይጎድልብኛል።

የጀመርነው ለልጄ የእንቁጣጣሽ ስጦታ ብለን ነው። 7 ዓመቷ ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ ስንሄድ ሌሎቹ ልጆች አባ ኮዳዎቹን እያባረሩ ሲስቁ እሷ ጀልባው ጥግ ቁጭ ብላ መረብ ውስጥ የቀሩትን ትናንሽ ቆሮሶዎች (ቲላፒያ) ነው ምታየው፣ ማሚ ይሄኛው ገና አልሞተም እያለች። ቆሮሶ ቤት ውስጥ እናሳድግ ብላ ብዙ ለምናኛለች፣ ግን ቆሮሶ እስከ 60 ሴንቲሜትር ሊደርስ ሚችል ዓሳ ነው፣ ለሳጥን የተፈጠረ አይደለም፣ ስለዚህ ትናንሾቹን ጌጥ ዓሶች እንግዛ ተባባልን። (ቆሮሶ እናትየው እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው ምትፈለፍለው፣ ይሄን ስነግራት ልጄ ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አላወራችም።)

መስታወት ቤት ሄደን 60 በ30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን አሰራን፣ ሲሊከኑ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጠበቅን። በሂሳብ 72 ሊትር ነው፣ ጠጠሩና ከላይ ሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 60 አካባቢ ይገባዋል። ከቧንቧ ሞላን፣ ስፖንጅ ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ) አየር ከሚነፋው ኤር ፓምፕ ጋር አደረግን፣ በማግስቱ ውሃው ኩልል ብሎ ጠርቷል። መጀመሪያ ዓሳ የሸጠልኝ ሰው ደሞ (አሁን ከምገዛበት ሌላ ነው) ውሃው ከጠራልሽ በቃ ልቀቂያቸው፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ትጨምሪያለሽ ብሎኝ ነበር። እኔም 8 ጋፒና 2 ጎልድፊሽ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር በፌስታል ተጉዘው የመጡትን፣ ሁሉንም በአንድ ማታ ለቀኳቸው።

በ4ኛው ቀን ጠዋት ልጄ ቀሰቀሰችኝ። ማሚ ዓሶቹ ውሃ ጠምቷቸዋል አለችኝ። ሄጄ ሳይ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ውሃው ጫፍ ላይ ከፍተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ክንፋቸው ከሰውነታቸው ጋር ተጣብቋል፣ የጎልድፊሾቹ መተንፈሻ ደም መስሏል። ውሃው ግን አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። በዛው ሳምንት ጎልድፊሾቹ ሞቱ። እኔ ደሞ ባዶነቱ ልጄን እንዳያስከፋት ብዬ ሌላ 3 ጋፒ አስመጥቼ ጨመርኩበት፣ ይሄ ከሁሉም የከፋው ጥፋቴ ነው፣ ምክንያቱም ያ ውሃ ያሉትንም አልቻላቸውም ነበር። እስከ መስከረም መጨረሻ 9 ዓሳ ጓሮ ጽጌረዳው ስር ቀበርን። 4 ጋፒዎች ቀሩ፣ አንድ ወንድና ሶስት ሴት።

ከዛ ደሞ ቆሻሻ ነው የገደላቸው ብዬ የተረፉትን ባልዲ ውስጥ አድርጌ ጠጠሩን በፈላ ውሃ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ፈትጌ ፈትጌ አጠብኩት። በዚህም የተጀመረውን ሁሉ ዜሮ አስገባሁት ማለት ነው፣ ያኔ አላወኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሳ የበላውን ምግብ ከተጠቀመበት በኋላ የሚያስወጣው ዋናው ነገር አሞኒያ ነው፣ አብዛኛውን ደሞ ሚያስወጣው በስንጥቡ ነው፣ ያ ከጭንቅላቱ ጎን ሚከፈት ሚዘጋው መተንፈሻው ማለቴ ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ቀለም የለውም፣ ለዛ ነው ውሃው ጠርቶ እያለ ዓሳ ሚሞተው። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ይሄ ሁሉ በዛ ስፋት ይበተናል፣ 60 ሊትር ውስጥ ግን የትም አይሄድም፣ እዛው የወጣው እዛው ነው። በዋናነት የሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አንዱ አይነት፣ ናይትሮሶሞናስ ሚባሉት፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራሉ፣ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ የዓሳው ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል ያደርገዋል። ሌሎቹ ደሞ፣ ናይትሮስፓይራ፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ ናይትሬት በትንሹ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል፣ ተክል ካለም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ሳጥን ውስጥ የሉም ቢባል ይቀላል፣ ቀስ ብለው ነው ሚባዙት፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ውስጥ ሚንሳፈፉ ደሞ አይደሉም፣ ስፖንጁ ላይ ጠጠሩ ላይ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው ሚኖሩት።

ይሄን ሁሉ አንብቤ ራሱ በደንብ የገባኝ እማዬ ከይርጋለም መጥታ ነው። ማታ ማታ የውሃውን አሞኒያ ልለካ ብልቃጥ ይዤ ቀለም ሳይ፣ ደብተር ላይ ስጽፍ፣ ምንድነው ምታረጊው አለችኝ፣ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና "ይሄማ የቡሃቃ ነገር ነዋ" አለችኝ። "አዲስ ቡሃቃ ሊጥ ቶሎ አያነሳልሽም። ከጎረቤት እርሾ ትበደሪያለሽ፣ መጀመሪያ ትንሽ ታቦኪያለሽ፣ እየለመደ ሲሄድ ትጨምሪያለሽ። ባንዴ የድግስ ዱቄት ብትገለብጪበት እርሾው አይችለውም። ደሞ ቡሃቃን በሳሙና ፈትጎ ሚያጥብ አለ እንዴ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው እኮ ነው ሚያነሳው።"

እማዬ አኳሪየም አይታ አታውቅም። ከዛ ማታ ጀምሮ ግን ለሰው ሳስረዳ የሷን ነው ምናገረው። ዓሳ መቼ ልጨምር ማለት እርሾው ስንት ኪሎ ዱቄት ያነሳል ማለት ነው። እርሾው ደሞ ሚበዛው ባለው ዱቄት ልክ ነው። 4 ዓሳ ያለው ሳጥን ውስጥ ለ4 ዓሳ አሞኒያ ሚበቃ ባክቴሪያ ነው ሚኖረው፣ ለ8 የሚሆን ተቀማጭ ይዞ አይጠብቃችሁም። አሞኒያው ዜሮ ነው ብላችሁ ዓሳውን በአንድ ቀን እጥፍ ብታደርጉት ግማሹ አሞኒያ ሚበላው አጥቶ ይተርፋል፣ ባክቴሪያው እስኪደርስበት ድረስ ደሞ ዓሶቹ እዛው ውስጥ ናቸው። አምና ለታህሳስ ገብርኤል የባለቤቴ ዘመዶች 14 ሆነው መጥተው ነበር፣ ሀዋሳ ያለ ሰው ያንን ሰሞን ያውቀዋል፣ ከተማው ሁሉ እንግዳ ነው። ለ4 ሰው በተሰራ አንድ መጸዳጃ ቤት 18 ሰው ስንሆን በሁለተኛው ቀን የሆነውን አልጽፈውም፣ ብቻ ሶስት ሶስት ሆነው በየሳምንቱ ቢመጡ ኖሮ ቤታችን በደንብ ይችላቸው ነበር።

ጥቅምት 5 በ4ቱ ጋፒዎች እንደገና ጀመርኩ። ቴስት ኪት ከውጭ ሚመጣ ሰው ለምኜ አስመጣሁ፣ ጠብታ ጠብታ ሚባለውን አይነት፣ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ ጠብታውን ትጨምራላችሁ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ከቀለም ካርዱ ጋር ታስተያያላችሁ። የኔው ኪት አሞኒያ ዜሮ ሲሆን ቢጫ ነው፣ እንደ አደይ አበባ ያለ ቢጫ፣ እየጨመረ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል። ናይትራይት ዜሮው ሰማያዊ ነው፣ ሲጨምር ወይን ጠጅ ይሆናል። ልጄ ጠዋት ጠዋት ከፊቷ መታጠብ በፊት ማሚ ዛሬ ቢጫ ነው? ነበር ጥያቄዋ።

ቢጫ አልነበረም። በ3ኛው ቀን ትንሽ አረንጓዴ፣ በ8ኛው ቀን 1 ሚሊግራም በሊትር ደረሰ። በየሁለት ቀኑ አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር ማለት ነው፣ እቀይር ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ጀሪካኑን ከፍቼ ቢያንስ 24 ሰአት አሳድረዋለሁ። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ እሱም በሁለት ጣት ቁንጥር። በ13ኛው ቀን ሰማያዊው ወይን ጠጅ መምሰል ጀመረ፣ ያንን ቀን ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ስራ ቦታ ደውዬ ነገርኩት ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ስራ ጀመሩ ማለት ነው። ከዛ አሞኒያው እየወረደ ናይትራይቱ እየወጣ ሄደ፣ በ20ኛው ቀን አካባቢ ጫፍ ደረሰ፣ ያኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ ጨመርኩ፣ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥባቸው እንዳይገባ ይከላከላል፣ ጋፒ ደሞ ጨው ይችላል። ህዳር 8፣ በ34ኛው ቀን፣ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬቱ ደሞ 20 አካባቢ።

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው ሚቸኩለው፣ እኔም ስልኬን አንስቼ ልደውል ነበር። ግን አንድ ቀን ዜሮ ማየት በቂ አይደለም። ትናንት ውሃ ቀይራችሁ ከሆነ ዛሬ ዜሮ ቢል ውሃ መቀየራችሁን ነው ሚነግራችሁ። እኔ ያደረኩት በየቀኑ መመገብ ጀመርኩ፣ ልክ ብዙ ዓሳ እንዳለ ሳይሆን ላሉት 4 ጤናማ ሚባለውን መጠን፣ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ሳልቀይር ለካሁ። 7 ቀን ሙሉ ቢጫና ሰማያዊ። ህዳር 15 ሶስት ፕላቲ ገቡ።

ቴስት ኪት የሌላችሁ ምን ታረጋላችሁ፣ ይሄን ሁሉም ይጠይቀኛል ምክንያቱም እዚህ እንደልብ አይገኝም። እውነቱን ለመናገር ያለ ኪት መቸኮል በጭራሽ አልመክርም፣ ግን ምልክቶች አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ነጭ ጉም ሊመስል ይችላል፣ እሱ ሌላ አይነት ባክቴሪያ ባንዴ በዝቶ ነው፣ በራሱ ይጠራል፣ ሲጠራ ግን አለቀ ማለት አይደለም ገና ነው። ቀጥሎ መስታወቱና ጠጠሩ ላይ ቡናማ አቧራ ሚመስል አልጌ ይይዛል፣ በጣት ሲነካ ሚለቅ። ከሳምንታት በኋላ እሱ እየቀነሰ አረንጓዴው ሲመጣ ሳጥኑ እየበሰለ ነው። ሽታውን አሽትቱት፣ ደህና ሳጥን ዝናብ የነካው አፈር ነው ሚሸተው። ዓሶቹ ምግቡን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱታል ወይ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ነው ሚዋኙት ወይ፣ ጠዋት መብራት ስታበሩ መሀል ላይ ናቸው ወይስ ላይ ወጥተው አየር ፍለጋ ነው። ይሄ ሁሉ ተሟልቶም ኪት ከሌላችሁ ከጀመራችሁ 6 ሳምንት ሳይሞላ አትጨምሩ፣ እሱም ሁለት ብቻ።

አንድ ሰው ደሞ ለምን ከሐይቁ ውሃ አታመጪም፣ የተፈጥሮ ባክቴሪያ አለው አለኝ። ሀዋሳ እየኖርን ይሄ ሀሳብ ለሁሉም ይመጣል። ባክቴሪያው ሚኖረው ድንጋይና ጠጠር ላይ ተጣብቆ ነው ብያለሁ፣ ውሃው ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ከሱ ጋር ግን ጥገኛ ትላትል ቀንድ አውጣ ምናምን ይዛችሁ ትገባላችሁ። በዛ ላይ የሐይቃችን ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያለ ነው፣ ይሄ ደሞ ከአሞኒያ ጋር በጣም ይገናኛል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ካለው አሞኒያ በመርዛማው መልኩ ሚገኘው ከ100 አንድ እንኳን አይሞላም፣ ፒኤች 8 ላይ ግን ከ100 አምስት ያልፋል። ያው አንድ አይነት ንባብ፣ ወደ 10 እጥፍ ሚጠጋ ጉዳት። የኔ ቤት ውሃ ስለካው 7.8 ነበር፣ ስለዚህ ውሃችሁ ከፍ ያለ ከሆነ 0.5 አሞኒያን ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

እውነተኛው እርሾ መበደር ሌላ ነው። ጤነኛና የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልጉና ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። እኔ ባለፈው ለጎረቤቴ የራሴን ስፖንጅ ሲሶውን ቆርጬ በዛው ውሃ ውስጥ አድርጌ ሳይደርቅ ወሰድኩላት፣ እሷ ጋ በ12 ቀን ሁለቱም ዜሮ ገባ። እኔ 34 ቀን የፈጀብኝን። ስፖንጁን ያለቧንቧ ውሃ፣ ከሳጥኑ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አርጉት፣ ክሎሪን ባክቴሪያንም ነው ሚገድለው።

ስንት ልጨምር ለሚለው፣ እኔ በአንዴ ካለው ከግማሽ በላይ አልጨምርም፣ ካሉት ሲሶ ቢሆን ደሞ ይሻላል። 4 ላይ 3 መጨመሬ ራሱ በዛ ብሎ ነበር፣ ለሶስት ቀን 0.25 አሳየኝና ውሃ ቀየርኩ። ከዛ ሶስት ሳምንት መጠበቅ። ሶስት ሳምንቱ ለባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ አዲስ የገቡት በሽታ ይዘው እንደሆነም በዚህ ጊዜ ይታያል፣ ያ ነጭ ጨው የተነሰነሰ ሚመስለው ነጠብጣብ በተለይ። ከቻላችሁ ደሞ ለብቻ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አቆይታችሁ ነው ማስገባት። መጨረሻው ስንት ነው ካላችሁ ያደገውን ቁመት ነው ምታስቡት፣ ለአንድ ሴንቲሜትር ዓሳ አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ፣ ይሄ ለቀጫጭኖቹ ትናንሽ ዓሶች ብቻ ነው ሚሰራው። ጎልድፊሽ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፣ 20 ሴንቲሜትር ሊደርስ ሚችል ብዙ ሚያቆሽሽ ዓሳ ነው፣ እኔ 60 ሊትር ውስጥ ሁለት ማስገባቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከአዲስ አበባ ለምታስመጡ አንድ ነገር፣ ፌስታሉ ውስጥ 5 እና 6 ሰአት የቆየ ውሃ አሞኒያ አጠራቅሟል፣ ግን በትንፋሻቸው ምክንያት ፒኤቹ ወርዶ ስለሚቆይ መርዙ ዝም ብሎ ነው ሚቀመጠው። ፌስታሉን ስትከፍቱት ፒኤቹ መውጣት ይጀምራል፣ መርዙም ይነቃል። ስለዚህ እንደተዘጋ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት ሙቀቱ እንዲስተካከል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ሰአታት አታጓቱ፣ በሲኒ እየቀዳችሁ የራሳችሁን ውሃ ሶስት አራት ጊዜ ጨምሩና ዓሳውን በመረብ አውጡት፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉት፣ ወደ ሳጥኑ አይግባ። የዛን ቀን ምግብ የለም፣ መብራትም አጥፉላቸው።

መብራት ካልኩ አይቀር፣ መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፣ ባክቴሪያዎቹ ደሞ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ህዳር መጨረሻ አንድ ሌሊት ጠፍቶ እስከ ረፋድ አልመጣም ነበር፣ በጆግ እየቀዳሁ ከላይ እያፈሰስኩ አየር አስገባሁ፣ ውሃ ማሞቂያው ሂተርም ስላልሰራ ውሃው 19 ዲግሪ ወርዶ ነበር፣ የሀዋሳን የህዳር ሌሊት ታውቁታላችሁ። ብርድ ባክቴሪያውንም ያዘገየዋል። ከዛ በኋላ ሳምንት ሙሉ ለካሁ። ልትጨምሩ ያሰባችሁበት ሳምንት ላይ እንዲህ ካጋጠማችሁ ቀኑን ግፉት። በባትሪ ሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ካገኛችሁ ከሂተርም በፊት እሱን ግዙ።

አሁን ወደ ትናንቱ ስልክ ልመለስ። በኔ ሂሳብ ታህሳስ 6 ላይ ሶስት ሳምንቱ ሞላ፣ ሁሉም ዜሮ፣ ዓሶቹ ሰላም፣ ለዛ ነበር ሁለት ፕላቲ ያዘዝኩት። ታህሳስ 7 ጠዋት ልጄ ስትጮህ ሰማሁ፣ የሆነ ዓሳ ሞተ ብዬ ሮጥኩ። ሳጥኑ ውስጥ የተከልነው የውሃ ሳር ውስጥ የሚንቀሳቀሱ አይኖች ናቸው። ጋፒ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፣ አርግዞ አራት ሳምንት አካባቢ ነው ሚፈጅበት። ከዚህ በፊትም ወልደው ሊሆን ይችላል ትልልቆቹ ግን ይበሏቸዋል፣ አሁን ሳሩ ስለበዛ መደበቂያ አገኙ። ቆጠርን፣ 17። ልጄ 18 ናቸው ትላለች።

ሳር ፍሬ ሚያክሉ ናቸው፣ 17ቱ ተደምረው አንድ ፕላቲ አይመዝኑም። ግን ለማደግ በቀን ሶስት አራት ጊዜ መብላት አለባቸው፣ ስለዚህ ወደ ሳጥኑ ሚገባው ምግብ እጥፍ ሆኗል፣ አሞኒያ ደሞ ከምግብ ነው ሚመጣው፣ ሚቆጠረው ጭንቅላት ሳይሆን በየቀኑ ሚገባው ምግብ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱን ፕላቲ ብጨምር በተመሳሳይ ሳምንት ሁለቴ መጨመሬ ነው። ለባለሱቁ ይሄንን ሁሉ አላስረዳሁትም፣ ወልደውብኛል ነው ያልኩት፣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ ለጥር እንነጋገራለን ተባባልን።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ነች ጠብታውን የጨመረችው፣ እኔ ሰአት እያየሁ። 5 ደቂቃ ሲሞላ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ይዛ ወጣችና ቢጫ ነው ማሚ ግን ትንሽ አረንጓዴ ነካ አርጎታል አለችኝ። 0.25። አንድ ጀሪካን ቀየርን፣ የትልልቆቹን የማታ ምግብ አስቀረን፣ ለነገ ሚሆነውን ውሃ ሞልቼ ክዳኑን ከፍቼ በረንዳው ላይ አስቀምጬዋለሁ።